አሰበ ተፈሪ ያደረችው ጀልባ

እናንተዬ፣ ጨርጨር ተራራ ላይ ጀልባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንድ ሌሊት እናቴ ደጅ አሳድሬያታለሁ፤ ሲነጋ ደግሞ በገዛ እጄ ውታፏን ነቅያለሁ። "ውታፍ ነቃይ" የሚባለውን ስድብ በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንደጠጣሁት እኔና አስተማሪዎቼ ነን የምናውቀው። ስድቡ በቁሙ ሥራ ሆኖ የመጣብኝ ግን በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ያውም አሰበ ተፈሪ!

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። አሰበ ተፈሪ ማለት የዛሬዋ ጭሮ ናት። የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር። የቆረቆሯት ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ እኚያው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የአውሬዎቹን ቲያትር የጻፉት ሰው። ዙሪያዋን ተራራ ነው። ሐይቅ የላት፣ ጀልባ የሚያስኬድ ወንዝ የላት። እኔ እዚያ ተወልጄ 12ኛ ክፍልን እስክጨርስ ድረስ የማውቀው የውሃ ትራንስፖርት አህያ ላይ የተጫነ ጀሪካን ብቻ ነው።

ታዲያ ጀልባዋ ከየት መጣች?

የሰፈራችን ልጅ ነው ያመጣት። ከኔ ስምንት ዓመት ይበልጣል። ጅቡቲ ሲሠራ ቆይቶ ያጠራቀማትን ይዞ ተመለሰ። ሌላው ሰው ገንዘብ ሲይዝ ቤት ይሠራል፣ ሚኒባስ ይገዛል፣ ሠርግ ይደግሳል። የኛው ሰው የገዛው አምስት ሜትር የምትረዝም፣ ያገለገለች የሞተር ጀልባ ነው። ላንጋኖ ወስዶ ለሽርሽር የሚመጣውን ሰው ሊያንሸራሽርባት! እጮኛው አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ቀለበት ስትጠብቅ ጀልባ መጣባት። "እስከ መስከረም ገንዘብ ካላመጣች ወይ እሷን ወይ እኔን" ብላዋለች። ይሄን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ እየሳቀ ነበር የነገረኝ፣ ግን ሳቁ አላማረኝም።

ጋዜጣ ላይ እንደምሞነጫጭር ስለሚያውቅ "ና አብረን እንሂድ፣ ትጽፍበታለህ" አለኝና ድሬዳዋ ላይ ተገናኘን። ሦስት ነን። ባለ ጀልባው፣ እኔ፣ እና ሃምሳውን ያለፈ "ጋሼ" የምንለው ሹፌር። ፒካፕ፣ ከፒካፑ ኋላ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ፣ ተሳቢው ላይ ጀልባዋ፣ ጀልባዋ ላይ ሸራ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጀልባዋ ከበስተኋላዋ፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ አላት። ቀዳዳውን የምትዘጋው አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ታፖ ናት። የመኪና ዘይት የሚቀየርባትን ታፖ የሚያውቅ ሰው እሷንም ያውቃታል። ከመነሳታችን በፊት ባለ ጀልባው ያቺን ታፖ በቁልፍ ጥርቅም አድርጎ አጠበቃት።

"ወሩ ሐምሌ ነው፤ ውሃ እንዳይገባባት" አለ።

ሹፌሩ "ደግ አደረግህ" አለ። እኔም ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ሦስት ጎልማሳ ሰዎች አንድ ስህተት ላይ እንዲህ በፍቅር ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

ከድሬዳዋ ወደ ሚኤሶ በቆላው የሚወስድ አዲስ መንገድ አለ። ነገር ግን ሹፌሩ ሂርና ላይ ለዘመድ የሚያደርሰው ዕቃ ነበረው፤ እኔ ደግሞ እናቴን ካየኋት ስድስት ወር አልፎኛል። ስለዚህ የድሮውን፣ የደጋውን መንገድ ያዝን። የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። ድሬዳዋ ላይ በላብ ተጠምቃችሁ ትነሱና፣ ጠመዝማዛውን ጨርሳችሁ ላይ ስትደርሱ ሹራብ ያምራችኋል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ ወደ ሐረማያና ሐረር፣ በቀኝ ወደ ቁልቢ። ሹፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ እያዞረ "ሐይቅ አጠገብህ እያለ ላንጋኖ ድረስ ምን አስኬደህ?" ብሎ ባለ ጀልባውን ነካ አደረገው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ድርቅ ብሎ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሷል። የኛ ሰው ግን "አንዴ ጥሎ የሄደን ሐይቅ አላምንም" አለ። እጮኛውን እያሰበ ይሁን ሐይቁን አላወቅኩም።

ቁልቢ ላይ የሐምሌው ገብርኤል ካለፈ አራተኛ ቀኑ ነበር። ንግሡ አልቋል፣ ሕዝቡ ተበትኗል፣ ዝናቡ ግን የኛን መምጣት ይጠብቅ ኖሯል፤ እዚያው ተቀበለን። በ1879 ዓ.ም. ጦርነት የተካሄደባትን ጨለንቆን በዝናብ አለፍናት። ካራሚሌ ደግሞ ጉም ስለነበር ከፊታችን ያለው አህያ ይሁን አይሱዙ አይለይም። ወደ ኋላ ዞሬ በመስታወቱ ሳይ ሸራው መሐሉ ረግቦ እንደ ገበቴ ውሃ ይዟል። መኪናው ሲነቀነቅ ገበቴው ይደፋል። ወዴት እንደሚደፋ ግን ማንም አላሰበም።

ሂርና ስንገባ ዝናቡ ትንሽ ጋብ አለ። የሂርና ሸለቆ በክረምት ሲያዩት ሌላ ነው፤ ጫቱ፣ ማሽላው፣ ቡናው ተደራርቦ ተራራውን እስከ አናቱ አልብሶታል። እኛ ምሳ ልንበላ ስንወርድ የከተማው ልጆች "ዶኒ! ዶኒ!" እያሉ ተሳቢውን ከበቡት። ዶኒ በኦሮምኛ ጀልባ ማለት ነው። ልጆቹ ሐይቅ አይተው ባያውቁም ስሟን ግን ያውቃሉ፤ ይሄ ደስ አለኝ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ጀልባዋን ዙሪያዋን አዩና "ምንድን ነው የምትበላው?" አሉ።

"ቤንዚን ነው አባባ" አለ ባለ ጀልባው።

"እንደ መኪና ማለት ነው። መንገዷስ የታል?"

መልስ አልነበረንም። ሩዛችንን በልተን፣ ለሽማግሌው ሻይ ጋብዘን ወጣን።

ከሂርና እስከ ጭሮ ያለውን መንገድ ጫት የጫኑ መኪኖች እንዴት እንደሚበሩበት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ አለበትና ኩርባ አያውቁም፣ ዳገት አያውቁም። እኛን ግን ሁሉም ጥሎን አለፈ። ፒካፑ ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አልይዝ አለ፣ አንደኛ ገባ፣ አቃሰተ። ሹፌሩ ከንፈሩን እየነከሰ "ናፍጣው ውስጥ ውሃ አለ፤ ማጣሪያውን ጭሮ ላይ አወጣዋለሁ" አለ። በኋላ ሳስበው ጋሼ ግማሹን አውቆት ነበር። ውሃ አለ። ቦታውን ነው የሳተው።

ሲመሽ ጭሮ ገባን። እናቴ ሆጃ አፍልታ ጠበቀችን። በወተት የፈላ የቡና ገለባ ነው፤ ለሐረርጌ ሰው ከኮት ይሻላል። ጀልባዋን ግቢያችን በር ላይ፣ ከአጥሩ ጥግ አቆምናት። ተሳቢው የቆመበት መሬት ወደ ኋላ ትንሽ ያዘነብላል። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው እስኪጮህ ድረስ ዘነበ። ባለ ጀልባው መደቡ ላይ እየተገላበጠ "ታፖዋን ማጥበቄ በጀኝ" ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ጠዋት ስንወጣ የተሳቢው የግራ ጎማ መሬት ላይ ተኝቷል። ባሌስትራው እንደ ተደፋ ሳህን ተገልብጧል። ጀልባዋ ወደ ኋላ ቁጢጥ ብላለች።

የሰፈሩ ጎሚስታ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ክሪኩን ይዞ መጣና ሊያነሳት ቢል ክሪኩ ተንቋቋ እንጂ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ክሪኩን ተወና የጀልባዋን ጎን በጡጫ መታ። ከላይ "ኳ" ይላል። ዝቅ አድርጎ መታ፤ "ድፍ"። ሳቀና "ወንድሜ፣ ይሄ ጀልባ አይደለም፣ በርሜል ነው" አለ። ሸራውን ገፈፍነው። ወገኖቼ! መቀመጫው ላይ የነበረው ትራስ ይዋኛል። የኋላው ክፍል ውሃው ጉልበት ይደርሳል። አንዲት እንቁራሪት ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ታየናለች። ከየት እንደተሳፈረች እግዜር ይወቅ።

ባለ ጀልባው ፊቱ አመድ መሰለ። ኩባያ ይዞ ገብቶ ይቀዳ ጀመር። በኩባያ! ጎሚስታው "ምን ያደክምሃል፣ ታፖ የለውም እንዴ ይሄ?" ሲል እኔ ቀድሜ ከኋላ ጎንበስ ብዬ ቁልፉን ይዣለሁ።

"አትንካት! አንተ ውታፍ ነቃይ!" ብሎ ጮኸ ባለ ጀልባው።

ነቀልኳት። ውሃው እንደ ቧንቧ ተፈናጥሮ ሱሪዬን አጠበው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ የጭሮን ሰው አታውቁትም። በዚያ ሳምንት በሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ያፈሰሰውን ሁሉም በባልዲና በጀሪካን ከቆርቆሮ ሥር አጠራቅሟል፤ ቆርቆሮው ያረጀበት ወይም ዕቃ የሌለው ግን ባዶውን ነው የነጋለት። አንዲት ጎረቤታችን ወይዘሮ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው ሲያልፉ ውሃው ወደ ቦዩ ሲሄድ አዩ። ቆሙ። "ልጄ፣ ዝጋው!" አሉኝ። "በማርያም ዝጋው፣ ጀሪካን ላምጣ!"

አውራ ጣቴን ታፖ አድርጌ ዘጋሁት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከበራችን እስከ መስጊዱ መታጠፊያ የጀሪካን ሰልፍ ሆነ። ኡኡታ የለ፣ ግፊያ የለ፤ አንድ ጀሪካን ሲሞላ ጣቴን ቀዳዳው ላይ አደርጋለሁ፣ ቀጣዩ ይጠጋል። የሃያ ሊትር ጀሪካን ለመሙላት መጀመሪያ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነበር የሚፈጅበት። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ግፊቱ ይቀንስና ይዘገያል። ሞተር ያለበት ዕቃ ውሃ ስለሆነ ለመጠጥ እንዳያደርጉት ለሁሉም ነገርኩ፤ ለልብስ፣ ለወለል፣ ለጭቃ ማቡኪያ ይሆናል አልኳቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጀሪካኖች ላይ የዘይት ቀለም ስለታየ እነሱን ለጭቃ የሚፈልግ ሰው ወሰዳቸው። ጎሚስታው በጠመኔ ጎማው ላይ ሲቆጥር ነበር። 34 ጀሪካን!

እስቲ አስሉት። 34 ጊዜ 20፣ 680 ሊትር። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ነው። ስድስት ኩንታል ከሰማንያ ኪሎ! ባዶዋን ጀልባ እንዲሸከም የተሠራ ተሳቢ፣ ያውም የራሱ ፍሬን የሌለው፣ ከሂርና ጀምሮ የዚያን ብዙውን ተሸክሞ ዳገት ወጥቷል። ከጭሮ በኋላ ደግሞ የሚጠብቀን ወደ ሚኤሶ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ጭሮ 1800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነች፤ ሚኤሶ ከዚያ ወደ አምስት መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። ውሃ ደግሞ እንደ እህል ኩንታል ባስቀመጡት ቦታ አይቀመጥም። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይመጣል፣ ኩርባ ላይ ወደ ገደሉ በኩል ይሄዳል፤ መኪናው ቀጥ ለማለት ሲሞክር እሱ ገና ወደዚያ እየተንጋጋ ነው። ሹፌሩ ይሄን ከኔ በተሻለ ያውቃል። ደረቱን ሁለት ጊዜ አማተበና ብዙ አልተናገረም። "ጎማው ባይተኛ..." ብሎ ብቻ ጀመረና ተወው።

ባለ ጀልባው ግን ሌላ ነገር ነው ያንገበገበው። አንዲት ልጅ በጄሪካኗ ተራ ስትደርስ ቀና ብላ "ጀልባ ውሃ የምትይዘው በውስጧ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችው። ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ገብቶ እናቴ አጠገብ ተቀመጠና "እማማ፣ ገንዘቤን የት ነው የጣልኩት?" አላት። እናቴ ሆጃውን ደገመችለት። ሌላ ምን ታድርግ?

የኛ ስህተት ምን እንደነበር በቀላሉ ልንገራችሁ። ጀልባ የተሠራችው ውሃ እንዳይገባባት ነው። ውሃ የማያስገባ ነገር ደግሞ ውሃ አያስወጣም። ስለዚህ ታፖዋ የብስ ላይ መውጣት፣ ውሃ ላይ መግባት አለባት። የብስ ላይ ስትቆም ወይም ስትጎተት ታፖዋን አውጥተህ፣ አፍንጫዋን ከኋላዋ ከፍ አድርገህ ታቆማታለህ፤ ሰማይ ቢቀደድ እንኳ በቀዳዳው ይወርዳል። እኛ ግልባጩን ነበር ያደረግነው።

ጎማው ተጠገነ፣ ባሌስትራው ከነስንጥቁ በሽቦ ታስሮ እስከ አዋሽ እንዲያደርሰን ተለመነ። ታፖዋን ባለ ጀልባው በጋዜጣ ጠቅልሎ የጋቢናው መሳቢያ ውስጥ ከተታት። እኔ የምጽፍበት ጋዜጣ ነበር፤ ለሌላም ነገር እንደሚያገለግል ሳይ ደስ አላለኝም ማለት አልችልም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ተሳቢው እንደ ፍየል እየዘለለ ተከተለን፤ ያን ጊዜ ነው ቀድሞ እንዴት ከብዶ እንደነበር በደንብ የገባን። ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ... ሙቀቱ ሸሚዛችንን አደረቀልን።

መተሐራ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር በሰቃ ሐይቅ ተዘርግቶ ይታያል። ይሄ ሐይቅ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከአርባ በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ለእርሻም ለመጠጥም አይሆንም። እየሰፋ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲፈታተን ኖሯል። ሐረማያ ሲደርቅ በሰቃ ያብጣል። ሹፌሩ ሐይቁን በአገጩ አሳየኝና "ይሄ ነው ታፖ የሚያስፈልገው" አለ።

ላንጋኖ የደረስነው በማግስቱ ነው። እጮኛዋ ከእህቷ ጋር ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጥታ ትጠብቀን ነበር። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ቆንጆ ናት። ጀልባዋን ስታያት "ይቺ ናት?" አለች እንጂ ሌላ ቃል አልወጣትም። የኛ ሰው እሷን ለማስደሰት እንደ ሙሽራ ተጣደፈ። ተሳቢውን ወደ ውሃው ገፋነው፣ ጀልባዋ ተንሳፈፈች፣ አጨበጨብን፣ ሹፌሩ ቤንዚን ሊያመጣ በፒካፑ ወደ ባቱ ሄደ። እኛ ተሳፈርን። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ!

አንባቢዬ፣ አንተ ገብቶሃል አይደል? እኛ አልገባንም።

ከዳር ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደራቅን ባለ ጀልባው ሞተሩን ቀነሰ። እጮኛውን ሐይቁን ሊያሳያት። የላንጋኖ ውሃ ሻይ በወተት ይመስላል፤ ታቹ አይታይም። እሷ ግን ሐይቁን አይደለም የምታየው። ወደ እግሯ እያየች "ጫማዬ ተንሳፈፈ" አለች።

በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ታፖዋ ባቱ ናት። በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ከጋሼ ጋር። ባለ ጀልባው የፓምፑን ማብሪያ ጫነ፤ ፓምፑ ዝም። ድጋሚ ጫነ፤ ዝም። ጭሮ ላይ ባትሪው በውሃ ተጥለቅልቆ ስለነበር ሽቦውን ነቅለነው አልመለስነውም፤ ሞተሩ ደግሞ በገመድ ስለሚነሳ ባትሪ መኖሩን ማንም አላስታወሰም። እኔ የጭሮዋ ጀሪካን ትዝ አለችኝ። ያው ቀዳዳ ነው እኮ! እዚያ በግማሽ ደቂቃ አንድ ጀሪካን ካስወጣ፣ እዚህ በደቂቃ ሁለት ጀሪካን ያስገባል። አምስት ደቂቃ ቆመን ከሆነ ሁለት ኩንታል ውሃ ተሳፍሯል። ዋና የሚችለው ባለ ጀልባው ብቻ ነው። እኔ የጨርጨር ልጅ ነኝ፤ ዋና ከየት ይምጣልኝ?

ዳር ላይ የነበረ አንድ የጀልባ ሰው ሁኔታችንን አይቶ በእጁ እያውለበለበ ይጮሃል። "አታቁም! ንዳው! ወደዚህ ንዳው!" እኔ ወለሉን ከፍቼ እጄን ወደ ሆዷ ሰደድኩና ቀዳዳውን በዳበሳ አገኘሁት። አውራ ጣቴን ስከት ግን በጀልባዋ ንቅናቄ ይወጣል። እጮኛዋ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈች፣ ጫፉን እንደ ፈትል ጠምዝዛ ሰጠችኝ። "ውተፈው!" አለችኝ። ወተፍኩት። ባለ ጀልባው ቤንዚኑን ሰጣት፤ ጀልባዋ እንደ እርጉዝ ላም እያቃሰተች ዞረች፣ ትንሽ ፈጠን ስትል አፍንጫዋ ተነሳ፣ ደለሉ ላይ ወጥታ ቆመች።

ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። የነጠላው ጥለት ከጀልባዋ ኋላ በቀዳዳው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። እሷ ናት ቀድማ የሳቀችው። ስትስቅ እሱ አለቀሰ። ሰው ፊት ስላለቀሰ ልታፍርበት ትችል ነበር፤ አላፈረችም። እህቷ ብቻ ናት "ነጠላው የማን መሰላችሁ?" ያለችው። ለካ የሷ ኖሯል!

የጀልባው ሰው ጎልማሳ ነው፣ በሥራው የበሰለ። ሻይ አዘዝንለትና እንደ ተማሪ ከበብነው። ታፖዋን ማሰሪያ አድርጎላት ከሞተሩ ቁልፍ ጋር አብሮ ማንጠልጠል ነው አለ፤ ያኔ ሞተር ልታስነሳ እጅህን ስትሰድ እሷን ሳትነካ አታልፍም። የኛዋ ሞተር በገመድ ስለሆነች ከገመዱ መያዣ ጋር አሰርናት። ትርፍ ታፖም ይኑርህ፤ ዋጋዋ የአንድ ምሳ ነው፣ ስትጠፋ ግን ጀልባ ያህል ትሆናለች። ጎማ ያላቸው፣ በመጎተቻ የሚያብጡ ዓይነቶችም አሉ፤ ጎማው ሲሰነጠቅ መቀየር እንጂ በጨርቅ ማጣበቅ አያስፈልግም።

ፓምፑን በተመለከተ የተናገረው ለኔ አዲስ ነበር። ከወለሉ በታች ባለው ሆዷ ውስጥ ውሃ መጠራቀሙ አይቀርም፤ ከማዕበል ይረጫል፣ ከሰው እግር ይገባል፣ ከሰማይ ይወርዳል። ፓምፑ ለዚያ ነው። ለተረሳ ታፖ አይደለም። ትንሽ ተንሳፋፊ ነገር አለችው፤ ውሃው ከፍ ሲል እሷም ከፍ ትልና ራሷ ታበራዋለች። ቅጠል፣ የቢስኩት ላስቲክ፣ ፀጉር አፉ ላይ ከተጠቀለለ ግን ያንጎራጉራል እንጂ አያወጣም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንድ ባልዲ ውሃ ሆዷ ውስጥ ደፍተህ ሲሠራ ማየት አለብህ። ሐይቅ ላይ ታስራ የምታድር ጀልባ ታፖዋ ሊወጣ አይችልም፤ የእሷ ነፍስ በሸራዋ፣ በፓምፑና በባትሪው ነው። ያም ሆኖ ባልዲ ይኑር። ባልዲ ባትሪ አይፈልግም።

ሌላም አለ። የሚወጣውን ውሃ ሁልጊዜ ተመልከተው አለ። ቆማ ሳለች በየሌሊቱ የሚጨምር ከሆነ አንድ ቦታ ተሰንጥቃለች። ዘይት ወይም ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ አሞታል፤ ያን ውሃ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ በፓምፕ መርጨት ነውር ነው፣ በጨርቅ ይመጠጣል። ቤንዚን በሸተተበት ሆድ አጠገብ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ካለ አብረኸው አትሳፈር። እኔ ሁሉንም በማስታወሻዬ ጻፍኩ፤ ባለ ጀልባው አልጻፈም፣ ግን ከኔ በላይ ሰምቷል።

ጀልባዋ ከዚያ ወዲህ ትሠራለች። ባሌስትራው ተቀይሯል። ሁለቱ ተጋብተዋል፤ መስከረም ላይ ሳይሆን ጥር ላይ። ለእህቷ ሁለት ነጠላ ገዝቶላታል።

እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ጭሮ የሄድኩት ለእናቴ ስኳርና ዘይት ይዤ ነው። ሰማዩ በአሰቦት በኩል ጠቁሯል። ያቺ ጎረቤታችን፣ ያኔ "ዝጋው" ያሉኝ ወይዘሮ፣ ባዶ ጀሪካናቸውን በጎናቸው አድርገው አጥራችን ጥግ ቆመዋል። ጤና ይስጥልኝ ስላቸው ሰላምታዬን በወጉ እንኳ አልመለሱልኝም።

"ልጄ፣ ያቺ ጀልባ በዚህ አታልፍም? ደመናው እኮ መጥቷል" አሉኝ።